ባለ ስድስት ቦታው ትሮምቦን

ጥቅምት 6 ቀን

እትዬ፣

ይህን ደብዳቤ የጻፍኩት እኔ ራሴ ነኝ። እስከ ዛሬ የደረሱሽን የጻፈልኝ ፖስታ ቤት ደጃፍ የሚቀመጠው ጸሐፊ ነበር፤ የነገርኩትን ትቶ ደስ ያለውን ነበር የሚጽፈው። «ናፍቆትሽ አንጀቴን በላው» ያለሽ እሱ ነው። ናፍቀሽኛል፣ አንጀቴ ግን ደህና ነው።

መምህራችን ደብዳቤ በሰላምታ ይጀመራል ስላለ እንግዲህ እንደምን ነሽ፣ ባልሽ እንዴት ነው፣ ወገብሽስ? እኔ ደህና ነኝ። የማታውን ትምህርት ጨርሻለሁ። ከሃያ ሦስት ሰው ሁለተኛ ወጣሁ። አንደኛ የወጣችው ሴትዮ ድሮም ማንበብ ትችል ነበር፣ ለማሟሟቅ ነው የመጣችው፤ ስለዚህ በትክክል ከተቆጠረ አንደኛው እኔ ነኝ።

«አርባ አራት ዓመት ሳታነብ ኖረህ አሁን ምን ነካህ» ብለሻል። ወረቀት ነካኝ። የእሳት አደጋው የሙዚቃ ባንዳችን አዲስ መሪ መጥቶለታል። ስሙን መጻፍ እችላለሁ፣ ግን ቀለሜን አላባክንበትም። እኛ ባለዱላው ነው የምንለው፤ ያቺን ቀጭን ዱላውን ይዞ ነው መጸዳጃ ቤት የሚገባው። ይሄ ሰውዬ በመጣ በሳምንቱ በሩ ላይ ወረቀት ለጠፈ። ማንኛውም የእሳት አደጋው ማርሽ ባንድ አባል እስከ ታኅሣሥ ማለቂያ የደረጃ አምስት የሙዚቃ ፈተና የምስክር ወረቀት ያመጣል፤ ያላመጣ ወንበሩን ለቆ ወደ ቱቦ ማጠቢያ ይመለሳል። መመዝገቢያው ቅጽ ደግሞ በገዛ እጅ ጽሕፈት ነው የሚሞላው።

ቱቦ ማጠቢያውን አንቺ አታውቂውም። ከእሳት የተመለሰ የውሃ ቱቦ ጭቃና ጥላሸት ጠጥቶ ነው የሚመጣው። ሠላሳ ሜትሩን ሲሚንቶ ላይ ዘርግተሽ በብሩሽ ትፈትጊያለሽ፣ ከዚያ በትከሻሽ ተሸክመሽ ማማው ላይ ወጥተሽ ትሰቅያለሽ። አምስት ዓመት ሠርቼዋለሁ። አሥራ ስምንት ዓመት ደግሞ የመጀመሪያው ትሮምቦን ወንበር ላይ ተቀምጫለሁ። እኔ ቱቦ ስፈትግ እነሱ በአጠገቤ እየነፉ ከሚያልፉ እሳቱ ውስጥ ብገባ ይሻለኛል፤ እዚያ እንኳን ዩኒፎርም ይሰጡሻል።

ግን አትስጊ። ለእኔ ደረጃ አምስት ማለት አንድ እጄን ኪሴ ከትቼ የምሠራው ነው። ኖታም ከፊደል ይቀላል፤ ፊደል ከሁለት መቶ በላይ ነው፣ ኖታ ሰባት ነው፣ እሱም ተመልሶ ራሱን ይደግማል።

ታላቁ ወንድምሽ
(ታናሽ መሆኔን አውቃለሁ፣ ዕድሜ አይደለም ያልኩት)


ጥቅምት 28 ቀን

እትዬ፣

የት ነው የምትለማመደው፣ ምን ምን ተሰጠህ ብለሽ ለጠየቅሽው፦ የምለማመደው ቤቴ ነው፣ አልጋው ላይ ተቀምጬ፤ ወንበር ላይ ከተቀመጥኩ ወደ ፊት የሚሳበው የትሮምቦኑ መሳቢያ ቱቦ ቁም ሣጥኑን ይመታዋል። ጎረቤቴ ልብስ ሰፊው ግድግዳውን ይደበድባል። የሚደበድበው ከምቱ ወጥቶ ነው። ይሄን ነግሬዋለሁ።

የተሰጠን ሦስት ሙዚቃ ነው። አንደኛው ዝግ ያለ፣ ሰው የሞተበት የሚመስል። ሁለተኛው የሚዘል፣ ሰው የሞተበት ሰው ርስት ያገኘ የሚመስል። ሦስተኛው ምን እንደሚመስል የጻፈውም አያውቅም። እነሱን ተያቸው። ቆሽቴን የሚያሳርረው ስኬሉ ነው። ስኬል ማለት ምን መሰለሽ፣ ኖታዎቹን በተራ ወደ ላይ ወደ ታች መንፋት ነው፤ ፎቅ ቤት ደረጃ ለደረጃ ትወጫለሽ፣ ላይ ስትደርሺ ምንም ሳትይዢ በዚያው ትወርጃለሽ። ከዚያ አንድ ሰውዬ ቁጭ ብሎ አወራረድሽን ነጥብ ይሰጠዋል። እንዲህ ዓይነት ሥራ ለሕይወቱ ብሎ የያዘ ፈታኝ ልጆቹ «አባታችሁ ምንድን ነው የሚሠራው» ሲባሉ ምን ብለው ይመልሱ ይሆን?

ተፈታኞቹንም አየኋቸው፣ ለምዝገባ ተሰልፈን። አንድ ጥርስ ሐኪም አለ፣ ጡረታ የወጣ፣ ትሮምቦኑን እንደ ጥርስ መንቀያ ነው የሚይዘው። አንዲት የፋርማሲ ሴትዮ አለች፣ ክላርኔት፤ እሷ ስትነፋ መድኃኒቱ ምን እንደሆነ ባውቅ እገዛ ነበር። «እርስዎ ስንተኛ ዓመትዎ ነው?» አለችኝ። «አሥራ ስምንተኛ» አልኳት። «ታዲያ ገና ደረጃ አምስት?» አለችኝ። ተይው።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። የፈተናው መጽሐፍ ትሮምቦን ሰባት ቦታ አለው ይላል። መሳቢያውን እየሳብሽ እጅሽ የሚቆምበት ቦታ፣ ሰባት። አባባ ነፍሱን ይማረውና ያስተማረኝ ስድስት ነው። ስድስተኛው ላይ ስትደርሺ አለቀ፣ ከዚያ ካለፍሽ ቱቦው ወልቆ እግርሽ ላይ ይወድቃል። እኔ በዓይኔ አይቻለሁ። ይሄን መጽሐፍ የጻፈው ሰው አባቱ ትሮምቦን ነፊ አልነበረም ማለት ነው። ሰባተኛው ቦታ ላይ አለች የሚሏት የታችኛዋ ሚ የምትባል ኖታ ለእኛ ችግር ሆና አታውቅም፤ እዚያ ስንደርስ ትንፋሽ እንወስዳለን። አባባም ሁልጊዜ እዚያ ላይ ነበር የሚተነፍሰው። ሳንባው በኖታ የሚሠራ ሰው ነበር።

ባለዱላውን ጠየቅኩት። «ሰባት ነው» አለ። «የእርስዎ አባት ስንት ነበረው?» አልኩት። «አባቴ መሐንዲስ ነው» አለ። ይኸው፣ ራሱ አመነ።

ወንድምሽ


ኅዳር 6 ቀን

ወንድሜ፣

ዘግይቻለሁ፣ ይቅርታ። ወርክሾፑ ውስጥ ሰሞኑን የአንድ ትምህርት ቤት ባንድ መሣሪያ በሙሉ አምጥተው ጥለውብን፣ ጭምድድ ያለ ትራምፔት ሳቃና ነው የምውለው። ወገቤ እንደ ትራምፔቶቹ ነው። ባሌ ደህና ነው።

የእጅ ጽሕፈትህ ያምራል። ጉራህን ስትጽፈው ከምትናገረው ይረዝማል፤ ጸሐፊው እየቆረጠ ሲያቀርብልኝ ለካ ውለታ ሲውልልኝ ነበር።

እኔ በዚህች ጠረጴዛ ላይ ሃያ ስድስት ዓመት የነሐስ መሣሪያ ስጠግን ስንት መቶ ትሮምቦን እንዳለፈ አልቆጠርኩም። ሁሉም ሰባት ነው። የሰውዬው አባት ማንም ይሁን ማን።

አሁን ሳትቀልድ የምጠይቅህን መልስልኝ። አንደኛ፣ የምትነፋው የትኛውን ነው፣ የአባባን ወይስ የባንዱን? ሁለተኛ፣ እጅህ የት እንደሚቆም በምን ታውቃለህ? ሦስተኛ፣ የአባባን ትሮምቦን አውርደህ ከኋላ በኩል ያለውን ጎባጣ ቱቦ፣ ድምፅ የሚስተካከልበትን፣ ለመንቀል ሞክርና ይነቀል እንደሆነ ንገረኝ። አራተኛ፣ ፒያኖ ወዳለበት ሂድ። መሳቢያውን እስከ መጨረሻው ዝጋው፣ ምንም ሳታስተርፍ፣ እንደዚያው ንፋው። ፒያኖ ተጫዋቿ ምን እንዳለች ጻፍልኝ። አንተ ምን እንዳልካት አያስፈልገኝም።

ስለ ስድስቱ ቦታ የምነግርህ አለኝ። አሁን ግን አልነግርህም። መጀመሪያ ይሄን ሥራ።

እህትህ


ኅዳር 15 ቀን

እትዬ፣

ጥያቄሽ እንደ ፖሊስ ነው። እሺ።

አንደኛ፣ የምነፋው የባንዱን ነው። ዘጠኝ ዓመት ሆነው ከተገዛልኝ። የአባባው ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፣ በክብር።

ሁለተኛ፣ እጄ የት እንደሚቆም በቀይ ነጥብ ነው የማውቀው። አባባ መሳቢያው ላይ ስድስት ቀይ ነጥብ ቀብቶልኝ አልነበር? አዲሱ ሲመጣ እኔ ምን አደረግኩ፣ ሲባጎ ወሰድኩ፣ ከአሮጌው ላይ አንድ በአንድ ለካሁ፣ አዲሱ ላይ በጥፍር ቀለም ቀባሁ። ፀጉር ታህል አልተሳሳትኩም። ከባንዱ ሰው ሁሉ እንዲህ የተጠነቀቀ የለም፤ ሌሎቹ በግምት ነው የሚነፉት።

ሦስተኛ፣ ጎባጣው ቱቦ አይነቀልም። ድሮም አይነቀልም፣ ለጌጥ ነው። በርሜል የምንለው፣ ቱባ የሚባለውን ትልቁን የነሐስ መሣሪያ የሚነፋው ጓደኛችን፣ ትከሻውን ታስታውሺዋለሽ፣ እሱ አንዱን ጫፍ እኔ ሌላውን ይዘን ጎተትን። እኔ ወደ በርሜል መጣሁ፣ ቱቦው አልመጣም። የአዲሱንም ነክቼው አላውቅም። ጌጥ ይነካል?

አራተኛ። እዚህ ጋ ታገሺኝ። ለፈተናው ፒያኖ የምታጅበን ሴትዮ አለች፣ መነጽሯን በገመድ ያንጠለጠለች። ገና ዝግ ያለውን ሙዚቃ ስጀምር እጇን አነሳች። «ዝቅ ብለዋል» አለችኝ። «እርስዎ ከፍ ብለው ነው» አልኳት። ደግመን ጀመርን። «አሁንም ዝቅ ብለዋል።» ፒያኖው አርጅቷል አልኳት፣ በአክብሮት። ተናዳ ፒያኖ አስተካካዩን ጠራችው። መጣ፣ ጆሮውን እንጨቱ ላይ ለጥፎ ግማሽ ቀን ሲያንኳኳ ዋለ፣ ከዚያ «ፒያኖው ምንም አልሆነም» አለ። ሁለቱ እንደሚተዋወቁ ግልጽ ነው፤ አንተ አንቺ ነው የሚባባሉት።

አንቺ ያልሽውንም አደረግኩ። መሳቢያውን ጥርቅም አድርጌ ዘጋሁት፤ በሕይወቴ እንዲህ ዘግቼው አላውቅም፣ የመጀመሪያው ነጥብ እንኳን ከዚያ ሁለት ጣት ይርቃል። ነፋሁ። ፒያኖዋን መታች። ፈገግ አለች። በቃ፣ ፈገግ ነው ያለችው። የሰው ፈገግታ ማስረጃ አይደለም፣ ግን ጠይቀሽኛል፣ ጻፍኩልሽ።

የምትነግሪኝ አለኝ ያልሽው ምንድን ነው? ሰው እንዲህ አንጠልጥሎ አይተውም። ፈተናው ስድስት ሳምንት ነው የቀረው።

ወንድምሽ


ኅዳር 24 ቀን

ወንድሜ፣

ይህን ደብዳቤ ሦስት ጊዜ ጽፌ ቀድጄዋለሁ። አሁንም የሚያነብልህ ጸሐፊው ቢሆን ኖሮ ዛሬም አልጽፈውም ነበር። ራስህ ስለምታነበው ነው።

አባባ እኔን ሲያስተምረኝ ሰባት ነበር።

አዎ፣ ከአንተ በፊት እኔን ነበር የሚያስተምረኝ። አንተ አሥራ አንድ ዓመትህ ነበር፣ ኳስ እንጂ ሌላ አታይም። እኔ አሥራ አራት። አባባ ሥራ ሲሄድ ትሮምቦኑን አውርጄ እለማመድ ነበር፤ አንድ ቀን ላስደስተው ብዬ አጠብኩት። ድስት በማጥብበት አሸዋና ሳሙና። ጎባጣውን ቱቦ ነቅዬ ከውስጥ ከውጪ ፈተግኩት፣ አብረቀረቀ፣ ከዚያ ቅባት ሳላስነካው፣ አሸዋው ሳይወጣ፣ ደረቁን እስከ መጨረሻው ገፍቼ ከተትኩት። በዚያው ቀረ። ዛሬ ቢያመጡልኝ በሙቀትና በጥቂት ዘይት በአንድ ሰዓት አወጣዋለሁ። ያን ጊዜ ግን ማንም አላወጣውም። አባባ በጨርቅ ጠምጥሞ ጎተተው፣ ፋብሪካ ወስዶ በማሽን አስያዘው፣ እምቢ አለ።

ቱቦው ሙሉ በሙሉ ገብቶ ሲቀር መሣሪያው አጠረ፣ ድምፁ ከልኩ በላይ ከፍ አለ። ድምፁን ለመመለስ አባባ እያንዳንዱን ቦታ ሁለት ጣት ወደ ውጪ ገፋው። የመጀመሪያውም፣ ሁለተኛውም፣ ሁሉም። ሰባተኛው ከመሳቢያው ጫፍ አለፈና ጠፋ። ቀይ ነጥቦቹን ያን ሰሞን ነው የቀባቸው። እሱ በሚነፋበት ባንድ ውስጥ መሣሪያ ያበላሸ ሰው ስለሚባረር ለማንም ሳይናገር እንዲሁ ነፋ፣ እዚያች ኖታ ላይ እየተነፈሰ።

እኔን አንድም ቃል አልተቆጣኝም። በሳምንቱ ግን አንተን ጠራህና «ና ልጄ፣ ስድስት ቦታ አለው» አለህ። እኔን ዳግመኛ አላስነካኝም።

አሮጌው ላይ አንተ ትክክል ነበርክ። አዲሱ ግን አልተጣበቀም፣ አላጠረም። አንተ የአሮጌውን በሽታ በሲባጎ ለክተህ፣ ፀጉር ሳትሳሳት፣ ጤነኛው ላይ ቀባህበት። ዘጠኝ ዓመት ሁለት ጣት ዝቅ ብለህ ነው የምትነፋው።

ነጥቦቹን በምላጭ ፋቃቸው። መሳቢያው ሲዘጋ ነው የመጀመሪያው ቦታ። ከዚያ በጆሮህ ሂድ።

መናገር የነበረብኝ ገና ከመጀመሪያው ነበር። ሠላሳ ሦስት ዓመት አልፎታል። ሰበብ አላቀርብልህም።

እህትህ


ታኅሣሥ 13 ቀን

እትዬ፣

ዘግይተሃል፣ ምን ሆነህ ነው፣ ተቆጥተህ ነው ወይ ብለሽ በላክሻቸው ሁለት ካርዶች ለጠየቅሽው፦ አልተቆጣሁም፣ ቀለም አልቆብኝ ነው። ቀለም ሦስት ሳምንት ሙሉ በከተማው ጠፍቶ ነበር። እንዲህ ብለሽ ያዢው።

እውነቱን ከፈለግሽ ደግሞ፣ ደብዳቤሽን ካነበብኩ በኋላ ለሁለት ቀን ከቤት አልወጣሁም። ጎረቤቴ ልብስ ሰፊው ታሟል ብሎ ብርቱካን አምጥቶልኛል፣ ይሄን ያህል ነው ነገሩ። ሠላሳ ሦስት ዓመት ለሰው ሁሉ ምን ስል ነበር የኖርኩት? «አባቴ ከልጆቹ መርጦ ለእኔ ሰጠኝ፣ ከንፈሬን አይቶ።» ለበርሜል መቶ ጊዜ ነግሬዋለሁ። ለማታ ትምህርት ክፍሉ ሁሉ ተነስቼ ነግሬያለሁ፣ ድርሰት አድርጌ ጽፌዋለሁ፣ ዘጠኝ ከአሥር አግኝቼበታለሁ። ለካ የተመረጥኩት አንቺ ድስት በምታጥቢበት አሸዋ ነው። ከንፈሬ ምን አድርጎ።

አንቺንም ታዘብኩሽ። እኔ ስጎርር ጸሐፊው እየጻፈ፣ አንቺ እያነበብሽ፣ ዝም። ሰው በወንድሙ ላይ እንዲህ አፉን ይዘጋል? አባባንም ታዘብኩት፣ ነፍሱን ይማረውና። መሣሪያውን የሚፈራ፣ ባንዱን የሚፈራ፣ ልጁን የማይፈራ ሰው። ይሄን ጻፍኩ፣ አልሰርዘውም።

በሦስተኛው ቀን ነጥቦቹን ፋቅኳቸው። ስድስቱንም። ከዚያ ወዲህ የምነፋውን ባትሰሚው ይሻላል። ዓይኔ ቀዩን ይፈልጋል፣ እጄ ዓይኔን ይጠብቃል፣ ጆሮዬ ሁለቱንም ይሳደባል። ትናንት ተፈታኞች አብረን የምንለማመድበት ቀን ነበር፤ ጥርስ ሐኪሙ፣ ያ መንቀያ ያዡ፣ «ምን ሆኑ፣ ባለፈው እንኳን ይሻል ነበር» አለኝ። አዘነልኝ፣ እትዬ። ጥርስ ሐኪም አዘነልኝ። ፒያኖ ተጫዋቿ ግን «ይተዉአቸው፣ መንገድ ላይ ናቸው» አለችው። እሷን ትንሽ መናቅ አቁሜያለሁ፣ ትንሽ።

የምጠይቅሽ አንድ ነገር ብቻ ነው። ሰባተኛው ቦታ ምን ይመስላል? መጽሐፉ ቁጥር ብቻ ነው የሚለው።

ወንድምሽ


ታኅሣሥ 18 ቀን

ወንድሜ፣

ተሳድበህ ጽፈሃልና ደህና ነህ ማለት ነው። የተናገርከውን ሁሉ እቀበላለሁ።

ሰባተኛው ቦታ፦ ክንድህ ሙሉ በሙሉ ይዘረጋል፣ ትከሻህም ትንሽ ይከተለዋል። መሳቢያው የሚያልቅ ይመስልሃል፣ አያልቅም። ልብህ ይወርዳል፣ ይውረድ፣ እጅህን ግን አትመልስ። ድምፁ ከባድ ነው፣ ቶሎ አይነሳም፣ ስለዚህ ትንፋሹን ከመድረስህ በፊት ጀምረው። ትንፋሽህን ግን እዚያ አትውሰድ፣ ከዚያ በፊት ባለው ኖታ ውሰድ። አንተ የምትወድቀው በክንድህ አይደለም፣ በዚያ ትንፋሽ ነው።

ወርክሾፕ የሚመጣ ትሮምቦን ሁሉ ተጠግኖ ሲያልቅ የምሞክረው እዚያች ኖታ ላይ ነው። ማንም አይሰማኝም፣ በሩ ዝግ ነው።

እህትህ


ጥር 17 ቀን

እትዬ፣

ስለ ፈተናው ብዙ አልጽፍልሽም። ክፍሉ ጠባብ ነበር፣ ፈታኙ ጉንፋን ይዞት ነበር፣ መስኮቱ አልዘጋ ብሎ በካርቶን ደግፈውታል። ያቺ የታችኛዋ ሚ ያለችበትን ስኬል ጠየቀኝ። የተናገርሽውን አደረግኩ። እንዴት ወጣ ብለሽ እንዳትጠይቂኝ፤ አስፓልት ላይ ባዶ የብረት በርሜል እንደሚጎተት ነው የወጣችው፣ ግን ወጥታለች። ፈታኙ አፍንጫውን ተናፍጦ ጻፈ። ከመቶ አምሳ መቶ አራት አገኘሁ፣ ማለፊያው መቶ ነው። ጥርስ ሐኪሙ መቶ ሠላሳ አንድ አግኝቷል። እኔ ግን ስንት ነገር ከውስጤ ነቅዬ እንደገባሁ ቢያውቅ ያደንቀኝ ነበር፤ መቼም ነቀላ ሙያው ነው።

አልቋል ብለሽ እንዳትደሰቺ። ጉዱ ከዚያ በኋላ ነው የመጣው።

ሰኞ የመጀመሪያው ልምምድ ነበር። ከአሥራ ስምንታችን ሦስቱ ወድቀው ቱቦ ማጠቢያ ወርደዋል። ወረቀቴን ለባለዱላው ሰጠሁት፣ ወንበሬ ላይ ተቀመጥኩ፣ መሳቢያውን ዘጋሁ፣ ነፋሁ። ባለዱላው አቆመን። «ማነው?» አለ። አሥራ አራት ሰው ዞሮ እኔን አየኝ። «ወጥተሃል፣ ከፍ ብለሃል» አለኝ።

ገባሽ? ዘጠኝ ዓመት እኔ ሁለት ጣት ዝቅ ብዬ ስነፋ፣ ከሁሉም የምጮኸው እኔ ስለሆንኩ፣ ባንዱ በሙሉ ማስተካከያ ቱቦውን እየጎተተ ወደ እኔ ወርዷል። ለፈተናው ሁሉም ቱቦአቸውን ገፍተው ከፒያኖው ጋር ተስማሙ፣ አለፉ፣ ሲመለሱ እንደ ለመዱት ጎትተው ተቀመጡ። አሥራ አራት ሰው፣ ሁሉም ደረጃ አምስት፣ አንዱም «እዚያ ሌላ፣ እዚህ ሌላ፣ ለምን?» ብሎ ራሱን አልጠየቀም። ባለዱላውም ከመጣ ጀምሮ ከአባቱ መሐንዲስነት ጋር እዚያው ፊታችን ቆሞ ያጨበጭብ ነበር።

«ፒያኖ አምጡና እንለካ» አልኩት። «ማርሽ ባንድ ነን፣ ፒያኖ ተሸክመን አንሄድም» አለኝ። ከዚያ በዱላው ወንበሬን ጠቆመው። «እስከ አርብ ከባንዱ ጋር ተስማማ። ካልሆነ ወረቀትህን ይዘህ ቱቦ ማጠቢያ።»

እትዬ፣ ሰኞ ማታ አልጋዬ ላይ ተቀምጬ ሁለት ጣት ወደ ውጪ ሳብኩት። በቃ ይሄው ነው፣ ሁለት ጣት፣ ወንበሩ የእኔ ነው። ነፋሁት። እንዴት እንደሚቀፍ! ይሄን ነገር ነው ዘጠኝ ዓመት በሰው ሠርግ፣ በሰው ቀብር፣ በሹም ፊት ስነፋ የኖርኩት? መልሼ ዘጋሁት።

ማክሰኞ ዘግቼ ነፋሁ። ዞረው አዩኝ። ባለዱላው በጣቱ ሦስት ቆጠረልኝ፣ የቀረኝን ቀን። ረቡዕ ዘግቼ ነፋሁ። ትራምፔቶቹ ሳቁብኝ፤ የመጀመሪያው ትራምፔት «ፈተናው አዕምሮውን ነካው» አለ፣ እኔ እንድሰማ። አንድም ቃል አልመለስኩለትም። እንዲህ ዓይነት መልስ ምላሴ ላይ እያለ ውጬ መዋሌን አንቺ ታደንቂያለሽ ብዬ ነው የምጽፍልሽ።

ሐሙስ በርሜል ከኋላዬ ተቀምጦ ጥቂት ካዳመጠ በኋላ የቱባውን ቱቦ በመዳፉ ገፋ፣ ሁለት ጣት። ማንም አላየውም። እኔ ግን ከታች ድምፁ ሲነሳና ከእኔ ጋር ሲገጥም ጀርባዬ ላይ ተሰማኝ። ቱባው ከተነሳ ታች መቆም ይከብዳል፤ ባሪቶን ነፊው ተከተለ፣ ሁለተኛው ትሮምቦን ተከተለ፣ ክላርኔቶቹ እርስ በርስ እየተያዩ ገፉ። ትራምፔቶቹ ኮርተው ብቻቸውን ቀሩ።

ዛሬ አርብ ነው። ጠዋት ባለዱላው ገና ሁለት መስመር ሳንነፋ ዱላውን አወረደ። «የመጀመሪያው ትራምፔት፣ ዝቅ ብለሃል» አለ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ «አየህ፣ ሲነግሩህ ትሰማለህ፣ አሁን ከባንዱ ጋር ተስማምተሃል» አለኝ።

እኔ፣ እትዬ፣ «አዎ ጌታዬ» አልኩት። በርሜል ከኋላ አስሎ ሳቁን ዋጠ። ለማንም አልተናገርኩም፣ አልናገርምም። ለአንቺ ብቻ ነው የጻፍኩት።

ወንድምሽ፣ ከወንበሩ